ስጦታውን ጠብቁት እንጂ አትጠርጥሩት

ከሠራዊት ተሰናብቶ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ የተመለሰ አንድ ወጣት ይኑር እንበል። ጤነኛ ነው። በጽዋ ማኅበሩ ውስጥ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ወንድም አለ። ወጣቱ «እኔ ሁለት አለኝ፤ አንዱን ልስጠው» ብሎ ይነሣል። ሐኪም ሳያየው፣ ደሙ ሳይመረመር፣ ሰፈሩ ፍርዱን ይሰጣል። «ስንት ተከፍሎት ነው?» ይላል አንዱ። «ጦርነቱ ልቡን ነክቶት ነው» ይላል ሌላው። «ለመሆኑ ምኑ ነው? ሰውየው የሥጋ ዘመድ የለውም ወይ?» ትላለች ሦስተኛዋ። ልጁ ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ ሕመምተኛ ነው፣ ወይ ተላላ ነው። ደግ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ግን አይገኝም።

ይህ ፍርድ እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት የአዊ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ማዶ ባለው ወገናችን ዘንድ የተለመደ ነው። የሚነገረው በጥንቃቄ ስም ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ግን የለም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው፣ ወታደር የነበረ ወጣትም ቢሆን፣ ለእምነት ወንድሙ ኩላሊቱን ሊሰጥ ሲነሣ ሊመረመር ይገባዋል እንጂ ሊጠረጠር አይገባውም። ምርመራ ለጋሹን ከጉዳት ይጠብቃል። ጥርጣሬ ግን ለጋሹን ያዋርዳል፣ ታማሚውንም ለሞት ይተወዋል።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀላል አይደለምና ሙሉውን ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ኩላሊት በሚሸጥበት ዓለም ውስጥ ነው ያለነው። በሲና በረሃ የታገቱ የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞች አካላቸው ይወሰዳል የሚለው ዜና ስንት እናት እንዳስለቀሰ አልተረሳም። ዘመድ ላልሆነ ሰው በሩ ከተከፈተ ደላላ ቀድሞ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የሞቱ ጓዶቹን በልቡ ይዞ ነው የሚመለሰው። «እኔ ለምን ተረፍኩ?» የሚለው ጥያቄ የሚያቃጥለው ሰው ራሱን ለመቅጣት ሲል አካሉን ሊሰጥ ይችላል፤ ሥራና ጥሪት ከሌለው ደግሞ ፈቃዱ በችግር የተያዘ ነው። ሦስተኛ፣ ገና ያርሳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ በቀረችው አንዲት ኩላሊት ሃምሳ ዓመት ሊኖር ነው። አራተኛ፣ መስጠት ካለበት የሥጋ ዘመድ ይስጥ። አምስተኛ፣ እግዚአብሔር ሙሉ አድርጎ የሰጠውን ገላ አጉድሎ መቀበር ከትንሣኤ ተስፋ ጋር አይሄድም።

እነዚህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ለልጁ አዝነው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም «አትስጥ» ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም።

ከዘመድ ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ ሥር እሱ ነውና። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲጀመር፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዘረጋው መርሃ ግብር የቆመው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልግስና ላይ ነበር። ለጀማሪ ማዕከል አስተዋይ ውሳኔ ነው። ሕዝቡ ግን ከዚህ ሌላ ትምህርት ወሰደ፦ የዘመድ ስጦታ ንጹሕ ነው፣ የባዕድ ስጦታ ነውር አለበት። ማን እንዲህ አለ?

ዘመድ ሁሉ መስጠት ይችላልን? ኩላሊትን በውኃ ከረጢት እየሞላ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ በዋነኛው ዓይነት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ወንድም ለወንድሙ እሰጣለሁ ቢል ራሱ ነገ ታማሚ ሊሆን ይችላል። እናት የደም ግፊት ሊኖርባት ይችላል፣ አባት ስኳር፣ የእኅት የደም ዓይነት ላይገጥም ይችላል። ጦርነትና ስደት ቤተሰቡን የበተነበት ሰውስ? ዘመድ ስላጣ ይሙት ነው የምንለው?

ዘመድ ሁሉስ በነጻ ፈቃዱ ይሰጣልን? አንዲት ታናሽ እኅት አስቡ። ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ እናት እያለቀሰች ነው፤ ታላቅ ወንድሟ አልጋ ላይ ነው። «እምቢ» ብትል ከዚያ ቤት በሰላም መኖር ትችላለች? በሌላ በኩል ያንን የጽዋ ወንድም አስቡ። ማንም አልለመነውም። ባይሰጥ የሚወቅሰው የለም። ነገ ቢተወው ርስት አይነጠቅም፣ ዘመድ አይርቀውም። ከሁለቱ የማን ፈቃድ ነው ይበልጥ ነጻ? እኛ ግን የተገደደችውን ባርከን ያልተገደደውን እንጠረጥራለን።

ሕክምናውም ለደም ዝምድና ያንን ያህል ቦታ አይሰጥም። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ የታወቀ ጥናት ከባል ወይም ከሚስት የተሰጡ ኩላሊቶች ከሦስት ዓመት በኋላ 85 በመቶ፣ ትዳርም ሆነ የሥጋ ዝምድና ከሌላቸው ሰዎች የተሰጡት 81 በመቶ፣ ከወላጅ የተሰጡት 82 በመቶ ሲሠሩ አግኝቷል። የባዕዱ ኩላሊት ከእናት ኩላሊት ጋር ጎን ለጎን ቆመ ማለት ነው። ወሳኙ ነገር ለጋሹ በሕይወት ያለና ጤነኛ መሆኑ ነው።

ደግሞስ እኛ መቼ ነው ዝምድናን በሥጋ ብቻ የለካነው? ሰባት ቤት አገው ብሎ ራሱን በወንድማማችነት የሚቆጥር ሕዝብ፣ አበልጅን እንደ ወንድም የሚያከብር፣ የክርስትና ልጁን እንደ ወለደው የሚድር፣ በጽዋ ማኅበር የተሳሰረን ሰው በሞቱ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ቆሞ የሚቀብር ሕዝብ፣ ኩላሊት ላይ ሲደርስ ብቻ «ምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የአካል ልገሳ መመሪያዎች እንኳ በሕይወት ያለ ለጋሽ ከተቀባዩ ጋር በደም፣ በሕግ ወይም በስሜት የተሳሰረ እንዲሆን ነው የሚመክሩት። በየወሩ አንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች ካልተሳሰሩ ማን ተሳሰረ?

ወደ ገንዘቡ ልለፍ። የኩላሊት ንግድ ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ጥያቄው ንግዱን የሚያቆመው ምንድን ነው የሚለው ነው። «ለዘመድ ብቻ» የሚለው አጥር ደላላን ያስቀራል ብላችሁ ካመናችሁ ሕንድን ተመልከቱ። በዚያ አገር በተጋለጡ የኩላሊት ንግድ ወንጀሎች ሻጮቹ በሐሰተኛ ሰነድ የታማሚው ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ መስለው ነው የቀረቡት። ደላላ ወረቀት ያሠራል፣ ማኅተም ያስመታል፣ አጎትና የአጎት ልጅ ይፈጥራል። ዝምድና በወረቀት ይገዛል። የማይገዛው የረጋ ምርመራ ነው፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከመቼ ጀምሮ ይተዋወቃሉ? ማን ይመሰክርላቸዋል? ከመካከላቸው ባለዕዳ አለ? የለጋሹ ኑሮ በድንገት ተለውጧል? ሕንድ ራሷ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የቅርብ ዘመድ ያልሆነ ሰው በፍቅርና በቅርበት ተነሳስቶ እንዲለግስ ፈቅዳለች፤ ይህን የሚያጣራ ፈቃጅ ኮሚቴም አቁማለች። ኮሚቴው ሲታለል መፍትሔው ኮሚቴውን ማጠንከር ነው፤ ቅን ለጋሾችን ሁሉ ከሌባ ጋር መቁጠር አይደለም።

እስራኤልንም ተመልከቱ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ሕግ የአካል ንግድን ከለከለ፤ ለጋሹ ሥራ ያጣባቸውን 40 ቀናት ግን ካሰ። በዓመቱ አንድ የሃይማኖት መምህር «ማትናት ሐይም» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ድርጅት በኩል ኩላሊታቸውን በነጻ የሰጡት ሰዎች ከ1,000 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ሃይማኖተኞች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሰጡት ለማያውቁት ሰው ነው። ንግዱን የሚያዳክመው ጥርጣሬ ሳይሆን የተደራጀ፣ ፊት ለፊት የሚደረግ፣ በሕግ የሚጠበቅ ልግስና ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችን ምስክር አለን፤ ደም። ለብዙ ዘመን ሆስፒታል ደም ሲያስፈልግ «ዘመድ አምጣ» ይባል ነበር። ዘመድ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ በር ላይ የሚጠብቅ ሻጭ ይፈልጋል። የደም ባንክ አገልግሎቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ሚኒስቴር ከዞረ በኋላ ግን አሠራሩ በበጎ ፈቃደኛ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ዛሬ ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ምእመኑ ለማን እንደሚደርስ ሳያውቅ ክንዱን ይዘረጋል። ያኔም «ለማያውቀው ሰው ማን ደሙን ይሰጣል?» የሚል ነበር። ሕዝቡ ሰጠ። ኩላሊት ከደም እጅግ የከበደ ነገር ነው፣ ተመልሶም አይተካም። ስለዚህ ምርመራው በዚያው ልክ ይክበድ። በሩ ግን አይዘጋ።

አሁን ወደ ወታደሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ይህ ልጅ ለሠራዊቱ ሲፈርም ፊርማው ጸንቷል። ለአካለ መጠን ደርሷል፣ የሚያደርገውን ያውቃል ተብሏል። መርቀን ሸኘነው። ለማያውቀው ሕዝብ ሕይወቱን በሙሉ ሊሰጥ ሲሄድ «አእምሮው ተነክቷል» ያለ የለም። ተመልሶ ለሚያውቀው አንድ ሰው፣ ከሁለት ኩላሊቱ አንዱን፣ በሐኪም እጅ ልስጥ ሲል ግን አቅም የሌለው ሕፃን አደረግነው። መሞት ይችላል፣ ማዳን ግን አይችልም እያልን ነው? በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በፈረስ የምናከብረው ምንን ነው? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለአገር ሲሉ አካላቸውን የሰጡትን እንዳንረሳ ነው የሚያስታውሰን። የአያቶቹን መሥዋዕትነት እያወደስን የልጅ ልጁን ስጦታ ማንቋሸሽ ምን የሚሉት ክብር ነው?

በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በዶክተር ጆሴፍ መሪ እጅ ነው። ለጋሹ ሮናልድ ሄሪክ የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ የተመለሰ። ተቀባዩ መንትያ ወንድሙ ሪቻርድም ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል በሕመም የተሰናበተ ነበር። ሮናልድ በቀረችው አንዲት ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ አረፈ። ሪቻርድ ደግሞ ስምንት ተጨማሪ ዓመት አግኝቶ አገባ፣ ወለደ። እርግጥ እነሱ መንትዮች ናቸው። ነገር ግን የዚህ ሕክምና ታሪክ የተከፈተው ከጦር በተመለሰ ወጣት እጅ መሆኑን ወታደር ሁሉ ልቡ የተሰበረ የሚመስላቸው ሊያውቁት ይገባል።

ልቡ የተሰበረ ወታደር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ቁጥሩም ጥቂት አይደለም። ለዚህ ነው የአእምሮ ሐኪም ለብቻው ሊያነጋግረው የሚገባው፤ ለዚህ ነው ከታማሚው ሐኪሞች የተለየ፣ ለለጋሹ ብቻ የሚቆም ባለሙያ የሚያስፈልገው፤ ለዚህ ነው «ጥቂት ወራት ቆይተህ፣ አስበህ ተመለስ» የሚባለው። እንቅልፍ የነሳው ቁስል ከተገኘበት መጀመሪያ እሱ ይታከም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘና አሁንም «እሰጣለሁ» ካለ፣ የእኛ ጥርጣሬ ከሐኪሙ በምን ይበልጣል? የሞቱ ጓዶቹን የሚያስብ ሰው በሕይወት ያለውን ለማዳን ቢመኝ ይህ በሽታ ነው? እኔ ፍቅር ነው የምለው።

ድህነቱስ? ድሃ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ለገንዘብ ነው የሚለው አስተሳሰብ ድሃን የሚያይበት ዓይን ያሳዝናል። ድሃ አይወድም? ድሃ ቃል ኪዳን የለውም? የድሃ ለጋሽ ችግር ሌላ ነው፤ በሚያርፍበት ጊዜ ቤቱ ይራባል። መፍትሔው ስጦታውን መከልከል ሳይሆን የእርሱንና የቤቱን ጉዳት መሸፈን ነው። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የአካል ዋጋ መክፈልን አጥብቆ ይከለክላል፤ የለጋሹን ወጪና ያጣውን ገቢ መሸፈንን ግን ይፈቅዳል። ለልገሳ ብሎ ሥራ ፈትቶ የከረመን ሰው የቤት ወጪ መሸፈን ግዢ አይደለም።

ስለ ጤናው ያለው ስጋት በቁጥር ይመለስ። በአሜሪካ ከ80 ሺህ በላይ ለጋሾችን ተከታትሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የሞቱት ከ10 ሺህ ለጋሾች 3 ገደማ ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ጥናት በሕይወት ዘመናቸው የኩላሊት መድከም ሊደርስባቸው የሚችሉትን ከ10 ሺህ ለጋሾች 90፣ ተመሳሳይ ጤንነት ካላቸው ካልለገሱ ሰዎች ደግሞ 14 አድርጎ ገምቷል። አደጋው አለ፤ መደበቅም ኃጢአት ነው። ግን ከ10 ሺህ ለጋሾች 9,910 ያህሉ ያ ዕጣ አይደርሳቸውም። ቁጥሮቹ ከአሜሪካ ሆስፒታሎች የተገኙ ናቸው፤ እዚህ ለጋሹን በየዓመቱ የሚከታተል ሥርዓት ካልተበጀ በእነሱ መመካት አንችልም። ይህን ደግሞ ለዘመድ ለጋሽም ማድረግ ግዴታ ነው። ወይስ የእኅት ኩላሊት ሲወጣ አደጋ የለውም? «ወጣት ነው» የሚለው ክርክር ለታናሽ ወንድም የማይነሣው ለምንድን ነው?

የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ገላው ሳይጎድል ያልተቀበረ አይነሣም የሚለውን አባባል ከየት አመጣነው? በባድመ እግሩን ትቶ የመጣው ሰው ሲሞት ፍትሐት ተከልክሏል? ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥጋው ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ፣ በደብረ ይድራስ ላይ በነፋስ ተበትኖ ጌታው እንዳስነሣው እያስተማርን ያደግን አይደለንም? አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት እግራቸው ተቆርጦ አይደለም የምናከብራቸው? ትንሣኤን ከአመድ የሚያደርግ አምላክ አንድ ኩላሊት ያስቸግረዋል ብሎ ማሰብ የእምነት ማነስ ነው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል 15ኛው ምዕራፍ ከሁሉ የሚበልጥ ያለው ፍቅር የቱ እንደሆነ ማንም ዲያቆን ይነግራችኋል። ሐዋርያው ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ 4ኛ ምዕራፍ ላይ ምእመናኑ ቢቻላቸው ዓይናቸውን አውጥተው ሊሰጡት እንደ ነበር ሲመሰክር፣ ያመሰገናቸው እንጂ የገሠጻቸው አይደለም። የቦስተን ሐኪሞች እንኳ በ1954 እ.ኤ.አ. ቢላዋ ከማንሣታቸው በፊት የሃይማኖት አባቶችን ጠይቀዋል። የእኛ አባቶችም ይጠየቁ፤ በዐውደ ምሕረት ላይ ጥርት አድርገው ይመልሱ።

«አትስጥ» የሚለው ሁሉ ደግሞ የእምቢታውን ዋጋ ይቁጠር። ኩላሊቱ የከዳው ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል እጥበት ያስፈልገዋል። ዳንግላ ከባሕር ዳር 78 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስቱንም ቀን ለእጥበት ወደዚያ የሚመላለስ ታማሚ በዓመት ከ24 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የእንጅባራው ሰው 118 ኪሎ ሜትር ርቆ ነውና ከዚያም በላይ ነው። መጀመሪያ በጉ ይሸጣል፣ ከዚያ በሬው፣ ከዚያ መሬቱ ይከራያል። ገንዘቡ ሲያልቅ ሦስቱ ቀን ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ። መንገድ የሚዘጋበትን ሳምንት ደግሞ የዚህ አካባቢ ሰው አይጠይቀኝም። እጥበት ያጣ ሰው በቀናት ውስጥ ሰውነቱ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ጥርጣሬያችን የሚፈርደው በዚህ ሰው ላይ ነው። ለጋሹን ከአንድ በመቶ ለሚያንስ አደጋ እናድነዋለን ስንል፣ ተቀባዩን ለማያጠራጥር ሞት አሳልፈን እንሰጣለን።

ስለዚህ ሥራችን የታወቀ ነው። ሆስፒታሉ ይመርምር፤ ለለጋሹ ብቻ የሚቆም ባለሙያ ይመድብ። ለጋሹ እስከ ቀዶ ሕክምናው በር ድረስ ሐሳቡን የመቀየር መብት ይኑረው፤ ቢቀይር ሐኪሙ «አልገጠመም» ብሎ ብቻ ይሸፍነው፤ ማንም አይወቀው። የንስሐ አባቱ ለብቻው ያነጋግረው፤ የገፋው ሰው ካለ ይወቁ። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ ማኅበሩ ይቆጣጠር። ስጦታው ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ሥራ አለው። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ለአንድ ወር ተኩል ያህል ከባድ ነገር አያነሣም፤ እርሻውን በደቦ እረሱለት፣ ገብሱን እጨዱለት፣ ድንቹን አውጡለት። ለቀብር የሚሰበሰበው እድር ለሕይወትም ይሰብሰብ። ጥርጣሬ ላይ የምናጠፋውን ጉልበት እዚህ ላይ ብናውለው ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?

ሕግ ከደላላ ይጠብቀን፤ ሐኪም ከጉዳት ይጠብቀን። ከእኛ የሚጠበቀው መልካም ሥራ ሲሠራ መልካም ነው ብሎ መመስከር ነው። ከጦር የተመለሰው ወጣት ለጽዋ ወንድሙ ኩላሊቱን ሊሰጥ ቢነሣ አልሸጠም፣ አላበደም፣ አልተታለለም፤ ይህን የሚያስተባብል ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ቃሉ ይታመን። አገሩን ለመጠበቅ የታመነ ሰው ወንድሙን ለማዳን ሊታመን ይገባዋል። «ስንት ተከፈለህ?» ብሎ የሚጠይቀውን አፍ ዝም አሰኙት። ልጁን መርቁት፣ አስመርምሩት፣ እርሻውን እረሱለት፣ ቤቱን ጠብቁለት። ከዚያም ይስጥ።